ከቦሌ መንገድ እስከ ባንክ መስኮት

ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም የግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ አዲስ አበባ ደርሰው ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማ ሲያመሩ መንገድ ላይ ያደፈጡ ታጣቂዎች ተኩስ ከፈቱባቸው። ጥይት የማይበሳው መኪናቸው አተረፋቸውና ከመንገድ ተመልሰው ወደ ካይሮ በረሩ። ኃላፊነቱን የወሰደው የግብፁ አል ገማዓ አል ኢስላሚያ ነበር። ኢትዮጵያ ሦስት ተጠርጣሪዎች ሱዳን ገብተው ተደብቀዋል፣ ይሰጡኝ አለች። ካርቱም አሻፈረኝ ስትል ጉዳዩ መጀመሪያ ወደ አፍሪካ አንድነት ድርጅት፣ ከዚያ ወደ ጸጥታው ምክር ቤት ሄደ። ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1996 በጥር፣ በሚያዝያና በነሐሴ በተከታታይ ያወጣቸው ውሳኔ 1044፣ 1054 እና 1070 ሱዳንን ሦስቱን ተጠርጣሪዎች እንድታስረክብ ጠየቁ፣ ዲፕሎማቶቿ እንዲቀነሱ አዘዙ፣ የአውሮፕላን በረራዋንም እንደሚያግዱ አስጠነቀቁ። አዲስ አበባ በጎን በኩል የሱዳንን ተቃዋሚዎች አልደገፈችም ማለት አይደለም፤ በዚያ ዘመን ከኤርትራና ከኡጋንዳ ጋር ያንንም መንገድ ይዛ ነበር። ነገር ግን በቦሌ መንገድ የተተኮሰ ጥይት የመንግሥታቱ ድርጅት አባላትን ሁሉ የሚያስገድድ ውሳኔ ማስወለዱ በታሪክ ተገቢውን ቦታ ያላገኘ ነገር ነው። ስለ ሽብርና ዓለም አቀፍ ሕግ ሲወራ ሁልጊዜ ከኒውዮርክ ይጀመራል። የእኛ ድርሻ ግን ከዚያ በስድስት ዓመት ይቀድማል።

እነዚያ ማዕቀቦች ምን አመጡ? የበረራ እገዳው ተወስኖ ሳይተገበር ቀረ። ግንቦት 1996 እ.ኤ.አ. ኦሳማ ቢን ላደን ከሱዳን ወጥቶ አፍጋኒስታን ገባ፤ ጫናው ከአንድ አገር አባረረው እንጂ እጁን አላስያዘውም። ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣው ውሳኔ 1267 ታሊባንን ሲቀጣ ከሱዳኑ ማዕቀብ የተለየ ነገር ይዞ መጣ፦ ገንዘብም ታገደ። ከዚያ መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም፣ በእኛ እንቁጣጣሽ፣ የኒውዮርክ ሕንፃዎች ፈረሱ። መስከረም 18 ቀን ምክር ቤቱ ሁለት ውሳኔዎችን በአንድ ቀን አጸደቀ። በ1372 በሱዳን ላይ ተጥሎ የነበረውን፣ ከአዲስ አበባ አቤቱታ የተነሣውን ማዕቀብ አነሣ። በ1373 ደግሞ የዓለም አገሮች ሁሉ ሽብርን በገንዘብ መርዳትን ወንጀል እንዲያደርጉ፣ ንብረት እንዲያግዱ፣ መረጃ እንዲለዋወጡ አዘዘ። የሁለቱ ውሳኔዎች መከታተል ብዙ ይናገራል። አሮጌው ሥርዓት መንግሥትን ይዞ ይጠይቅ ነበር፤ ተጠርጣሪ ደበቅክ፣ አስረክብ ይል ነበር። አዲሱ ሥርዓት ከመንግሥት በታች ወርዶ ባንኩን፣ ገንዘብ አስተላላፊውን፣ ነጋዴውን ያዘ። መርካቶ ከዓለም አቀፍ የጸረ ሽብር ሕግ ጋር የተገናኘው በዚህ በር ነው። ክርክሬም እዚህ ላይ ነው፦ ይህን ሥራ የሚሠራው የአገራችን ተቋም፣ የፋይናንስ ደህንነት አገልግሎት፣ የተሰፋው በውጭ መርማሪዎች ልክ እንጂ በገበያው ልክ አይደለም፤ ስለዚህ ፈተናውን ያልፋል፣ ገበያውን ግን አያውቀውም።

መርካቶና ይህ ሕግ የሚጋሩት ዘመን አለ። እ.ኤ.አ. በ1934 የዩጎዝላቪያው ንጉሥ አሌክሳንደር ማርሴይ ላይ ከተገደሉ በኋላ የመንግሥታት ማኅበር ሽብርን ለመከላከልና ለመቅጣት የሚያስችል ስምምነት አርቅቆ በኅዳር 1937 ጄኔቫ ላይ አስፈረመ። 24 አገሮች ፈረሙት፤ ያጸደቀችው ህንድ ብቻ ነበረች፣ ሥራ ላይም ሳይውል ቀረ። በዚያው ዓመት በየካቲት፣ የዚያው ማኅበር አባል በሆነችው ኢትዮጵያ ዋና ከተማ፣ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የፋሺስት ጦርና ጥቁር ሸሚዞች ለቀናት ሕዝቡን ፈጁት። ጣሊያኖቹ አራዳ የነበረውን ገበያ ለነጮች አጽድተው አበሾቹን ወደ ምዕራብ ገፍተው ያሰፈሩበት አዲስ ከተማ የዛሬው መርካቶ ሆነ። ጄኔቫ ላይ የተጻፈው ሕግ ግለሰብ ንጉሥን ሲገድል የሚሆነውን እንጂ መንግሥት ከተማን ሲያሸብር የሚሆነውን አላነሣም። ይህ ጉድለት እስከ ዛሬ አልተሞላም። ሽብር ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ ሁሉም የሚስማማበት አጠቃላይ ስምምነት በተባበሩት መንግሥታትም አልተፈረመም። ሕጉ ትርጓሜውን መጨረስ ሲያቅተው በዙሪያው ያሉትን ነገሮች ያዘ፦ አውሮፕላን መጥለፍን፣ ሰው ማገትን፣ በመጨረሻም ገንዘብን።

ለገንዘቡ መያዝ ምክንያቱ ከንቱ አልነበረም። በ1988 ዓ.ም አዲስ አበባ ውስጥ በግዮን ሆቴል፣ ቆይቶም በዋቢ ሸበሌ ሆቴል ፈንጂ ፈነዳ፤ የትራንስፖርትና መገናኛ ሚኒስትሩ አብዱልመጂድ ሁሴን በጥይት ቆሰሉ። እነዚህ ጥቃቶች ከሶማሊያው አል ኢቲሃድ አል ኢስላሚያ ጋር ተያይዘዋል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በሐምሌ 1999 እ.ኤ.አ. አልጀርስ ላይ የራሱን የጸረ ሽብር ስምምነት ሲያጸድቅ፣ የተባበሩት መንግሥታትም በዚያው ዓመት ሽብርን በገንዘብ መርዳትን የሚከለክለውን ስምምነት ሲያወጣ፣ ምሥራቅ አፍሪካ በፈንጂ የተመቱትን የናይሮቢንና የዳሬሰላምን የአሜሪካ ኤምባሲዎች ሬሳ ቆጥሮ ያልጨረሰ ነበር። ስህተቱ የመጣው በአፈጻጸም ነው። በኅዳር 2001 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የሶማሊያን ትልቁን ገንዘብ አስተላላፊ አል በረካትን ዘጋችው፣ ስሙም የመንግሥታቱ ድርጅት ዝርዝር ውስጥ ገባ። ባንክ በሌለበት አገር የብዙ ቤተሰብ ጉሮሮ በአንድ ቀን ተዘጋ። የመስከረም አንዱን ጥቃት የመረመረው የአሜሪካ ኮሚሽን ባለሙያዎች በኋላ ጉዳዩን ሲያዩት ክሱን የሚያጸና ማስረጃ አላገኙም። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በመስከረም 2008 እ.ኤ.አ. በሳውዲው ነጋዴ በካዲና በአል በረካት ጉዳይ በሰጠው ፍርድ ንብረቱ የታገደበት ሰው ምክንያቱ ሊነገረውና ሊሰማ ይገባል አለ፤ በቀጣዩ ዓመትም ጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ 1904 ስማቸው በዝርዝር የገባ ሰዎችን አቤቱታ የሚሰማ የእንባ ጠባቂ ቢሮ አቋቋመ። ሥርዓቱ ራሱን ለማረም ስምንት ዓመት ፈጅቶበታል። ለሐዋላ ደንበኛ ስምንት ዓመት ረጅም ነው።

ወደ አገራችን ተቋም ስንመጣ የልደት ቀኖቹን ከሌላ ቀን መቁጠሪያ ጎን አስቀምጦ ማየት ይበጃል። ሽብርተኝነትን በገንዘብ መርዳትን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 657 በ2002 ዓ.ም ወጣ፤ በዚያው ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ቁጥር 171 የፋይናንስ ደህንነት መረጃ ማዕከልን አቋቋመ። በሕገ ወጥ ገንዘብ ዝውውር ላይ ዓለም አቀፍ መለኪያ የሚያወጣው ፋትፍ በየካቲት 2010 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን ጉድለት አለባቸው ካላቸው አገሮች ተርታ በስም ጠራት። አዋጁ በ2005 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 780 ተተካ፤ አገሪቱ የፋትፍ የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ አቻ ቡድን አባል ሆነች፤ በሽብር ስም የተዘረዘሩ ሰዎችን ንብረት ማገጃ ደንብ ቁጥር 306 በ2006 ዓ.ም ወጣ። በጥቅምት 2014 እ.ኤ.አ. ፋትፍ አገሪቱን ከክትትል አነሣት። በየካቲት 2017 እ.ኤ.አ. መለሳት። ሕግ አለ፣ ሥራው ግን አይታይም ነበር ወቀሳው። በጥቅምት 2019 እ.ኤ.አ. እንደገና ወጣች። ማዕከሉ በኋላ ስሙን ቀይሮ የፋይናንስ ደህንነት አገልግሎት ተባለ፤ በሰኔ 2017 ዓ.ም ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጅ 780ን የሚተካ አዲስ አዋጅ አጸደቀ። ሕጎቹ አንድ በአንድ የወጡት ፈታኝ ሊመጣ ሲል፣ ወይም ፈታኝ ጥሎ ከሄደ በኋላ ነው። በመሐል መርካቶ ላይ ምን ተለወጠ የሚለው ጥያቄ በዚህ የዘመን ቅደም ተከተል ውስጥ ቦታ የለውም።

ሕጉ መርካቶ ሲደርስ የሚሆነውን ከባንክ መስኮት ጀርባ ሆኖ ማየት ይቻላል። ከጣና ገበያ ወይም ከሸማ ተራ የመጣ ነጋዴ በፌስታል የቋጠረውን ብር ሲያስገባ ገንዘብ ተቀባዩ ሁለት ነገር ያደርጋል፦ ስሙን ከተከለከሉት ሰዎች ዝርዝር ጋር ያመሳክራል፣ የገንዘቡ መጠን ከጣሪያው ካለፈ ለአገልግሎቱ ሪፖርት እንዲደረግ ይመዘግባል። ሁለቱም ቀላል ይመስላሉ፣ ሁለቱም ከገበያው ጋር ይጋጫሉ። ዓለም አቀፉ ዝርዝር የቤተሰብ ስም ባለው አገር ልማድ የተሠራ ነው፤ እኛ ዘንድ ሦስተኛው ስም የአያት ነው። መሐመድ በላቲን ፊደል በአምስት ስድስት ዓይነት ይጻፋል። አንድ መሐመድ አሕመድ በዝርዝሩ ካለ የመርካቶ መሐመድ አሕመዶች ሁሉ መስኮቱ ላይ ይቆማሉ። ባንኮች ሒሳብን ከብሔራዊ መታወቂያው ከፋይዳ ቁጥር ጋር ማያያዝ መጀመራቸው ይህን ያቀልላል፤ ከብዙ ሕጎች የበለጠ የሚጠቅም እርምጃ ነው ብዬ አምናለሁ። የገንዘቡ ጣሪያ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው መመሪያ ሪፖርት የሚያስፈልገው ጥሬ ገንዘብ 300,000 ብር ወይም 15,000 ዶላር ተብሎ ተቀመጠ። ያኔ ሁለቱ ቁጥሮች እኩያ ነበሩ፤ አንድ ዶላር ሃያ ብር ገደማ ነበረና። ብሩ እየወደቀ ሲመጣ በብር የተቀመጠ ጣሪያም አብሮ ይወርዳል። ዛሬ 300,000 ብር ለመርካቶ ጅምላ ሻጭ ወሬ የሚሆን ገንዘብ አይደለም። በብር የተጻፈ ጣሪያ በየጊዜው ካልተከለሰ የባንኩ ሪፖርት ጎርፍ ይሆናል፤ በጎርፍ ውስጥ ደግሞ የሚፈለገው ሰው ይሰወራል።

የሚፈለገው ሰውም ሲጀመር በዚያ መስኮት አያልፍም። ሐዋላ በመርካቶ እንዴት እንደሚሠራ የማያውቅ ነጋዴ የለም። ጆሃንስበርግ ወይም ዱባይ ያለ ወንድም ውጭ ለሚገኝ ሰው ዶላር ይሰጣል፤ ስልክ ይደወላል፤ እዚህ አንድ ሰው ለእናት ብር ያደርሳል፣ አሁን አሁን እንዲያውም በስልክ ወደ ባንክ ሒሳቧ ይልክላታል። ዶላሩ ድንበር አይሻገርም። ውጭ ያለው ሰው በዶላሩ ዕቃ ይገዛል፣ ዕቃው በዝቅተኛ ዋጋ ተጽፎ በጉምሩክ ይገባል፣ ሱቅ ላይ ተሸጦ ብር ይሆናል፣ ብሩም ለሚቀጥለው እናት ይከፈላል። ባንኩ የሚያየው የመጨረሻዋን ቁራጭ ብቻ ነው፦ አገር ውስጥ ከአንድ ሒሳብ ወደ ሌላው የተላለፈ ብር። ይህ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ክልከላውንም አልቃወምም፣ ምክንያቱም ያው መስመር ለሶማሊያው አልሸባብ ገንዘብም ይሆናል። ጥያቄው ሰው ወደዚያ መስመር ለምን ገባ ነው። እስከ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ድረስ ባንክ ለአንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ሲከፍል የጎንዮሹ ገበያ ከመቶ ብር በላይ ይከፍል ነበር። ግማሹን ለመንግሥት ትቶ በባንክ የሚልክ ስደተኛ ጻድቅ ነው፤ በጻድቃን ላይ ደግሞ የፋይናንስ ሥርዓት አይመሠረትም። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ በለቀቀበት ቀን ባንኮች ወደ 74 ብር ዘለሉ፣ ልዩነቱም መጥበብ ጀመረ። አስተውሉ፦ ገንዘቡን ወደ መስኮቱ የሚመልሰው ይህ ዓይነት ውሳኔ ነው፣ ውሳኔው ግን ከፋይናንስ ደህንነት ቢሮ አልመጣም። ከተመን የሸሸን ገንዘብና ሰው ለመግደል የሚሄድን ገንዘብ በአንድ ስም ጠርቶ በአንድ ዓይን የሚያይ ተቋም ሁለተኛውን አያገኘውም። በየቀኑ የሚያዘው ሰው የመጀመሪያው ነውና።

ለዚህ የሚሰጥ ጠንካራ መልስ አለ። የውጭ ጫና ባይኖር ይህ ተቋም ጨርሶ አይኖርም ነበር፤ የውጭ ባንኮች ከኢትዮጵያ ባንኮች ጋር መሥራት ቢያቆሙ ደግሞ መጀመሪያ የሚጎዳው ኤልሲ ከፍቶ ዕቃ የሚያስመጣው የመርካቶ ነጋዴ ነው ይላሉ። ትክክል ነው። በዝርዝር ውስጥ ያለ አገር ነጋዴ ከሌላው የበለጠ ይጠየቃል፣ ይጠብቃል፣ ይከፍላል፤ ከዝርዝሩ መውጣት ጥቅሙ ተጨባጭ ነው። እኔ የምለው ጫናው ክፉ ነው አይደለም፤ ጫናው የሚለካው ነገር ሌላ ነው። መርማሪ ሲመጣ አዋጅ አለ ወይ፣ መመሪያ አለ ወይ፣ ስንት ሪፖርት ተላከ፣ ስንት ምርመራ ተከፈተ ብሎ ይጠይቃል። በ2017 እ.ኤ.አ. አገሪቱ የተመለሰችው እንኳ ሕግ አጥታ ሳይሆን የሕጉ ውጤት ስላልታየ ነበር። ለውጤት ጥያቄ በሌላ አዋጅ መመለስ ልማዳችን ሆኗል። ሌላው ተቃውሞ ደግሞ ሽብር ርካሽ ነው፣ ገንዘብ ማሳደድ ከንቱ ድካም ነው የሚል ነው። የመንግሥታቱ ድርጅት ባለሙያዎች የናይሮቢና የዳሬሰላም ጥቃቶች ከ50,000 ዶላር ባነሰ ወጪ እንደተፈጸሙ ገምተዋል። እውነት ነው፣ አንድ ጥቃት ርካሽ ነው። ድርጅት ማቆየት ግን ርካሽ አይደለም፤ ደመወዝ፣ ቤት ኪራይ፣ ስንቅ፣ ለተሠዋ ቤተሰብ ድጎማ ይፈልጋል። አልሸባብ ከሰል ላይ፣ ኬላ ላይ፣ ነጋዴ ላይ ግብር ሲጥል የኖረው ለዚህ ነው። ገንዘብ መከተል የሚጠቅመው ፈንጂውን ከመፈንዳቱ በፊት ለመያዝ ከመሆን ይልቅ ማን ከማን ጋር እንደሚሠራ ለማወቅ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ግን ከገንዘብ ቁጥር የመጣ አይደለም። መርካቶ የሚገኘው ታላቁ አንዋር መስጊድ በአንድ ዘመን ሁለት ነገር አይቷል። በ2004 ዓ.ም በዚያ ግቢም ጭምር ድምፃችን ይሰማ ብለው በሰላም የተነሡት ሙስሊሞች መፍትሔ አፈላላጊዎች በጸረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ተከሰው በ2007 ዓ.ም 18 ተከሳሾች ከሰባት እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም መጀመሪያ ደግሞ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በዚያው መስጊድ የእጅ ቦምብ ተወርውሮ ሰዎች ቆሰሉ። ሽብር የተባለው አቤቱታና የእውነት ሽብር በአንድ በር ሲያልፉ ያየ ማኅበረሰብ ለመንግሥት መረጃ ይሰጣል ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው። ዝርዝሮቹም በየጊዜው ተለዋውጠዋል። ኦነግ፣ ኦብነግና ግንቦት 7 በ2003 ዓ.ም ሽብርተኛ ተብለው በሰኔ 2010 ተሰረዙ። ሕወሓት በሚያዝያ 2013 ገብቶ በመጋቢት 2015 ወጣ። እነዚህ ውሳኔዎች ትክክል ነበሩ አልነበሩም የሚለውን ለሌላ ጊዜ እናቆየው፤ የባንክ ሠራተኛና ገንዘብ ላኪ ግን ዛሬ ወንጀል የሆነው ነገ የሰላም ስምምነት ሊሆን እንደሚችል አይተዋል። ታዲያ ሥርዓቱን እናፍርሰው? አይደለም። ከዚህ የሚከተለው ዝርዝር የሚያወጣው እጅ በፍርድ ቤት እንዲታይ፣ የታገደበት ሰው የት እንደሚጮኽ እንዲያውቅ ማድረግ ነው። በ2012 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1176 ሰልፍና የሥራ ማቆም አድማን ከሽብር ትርጓሜ አውጥቷል፤ ይህ ጥሩ ጅምር ነው። በ2017 ዓ.ም የጸደቀው የገንዘብ አዋጅ ግን በድብቅ የሚሠሩ መርማሪዎችን ከወንጀል ተጠያቂነት በሰፊው ስለሚጠብቅ ገና በረቂቅነቱ ብዙ ጥያቄ አስነሥቷል። ጄኔቫ በ1937 የዘነጋው የመንግሥት እጅ እዚህም እየተዘነጋ ነው።

የአካባቢው ትብብር የራሱ ታሪክ አለው፤ በጥቂቱ ላንሣው። ኢጋድ በ2006 እ.ኤ.አ. የጸረ ሽብር አቅም ግንባታ ፕሮግራሙን አዲስ አበባ ላይ ከፈተ፣ በ2009 ጂቡቲ ላይ ወንጀለኛ ስለ መስጠትና በፍርድ ጉዳይ ስለ መረዳዳት ሁለት ስምምነቶች ተፈረሙ። ዳኞች፣ ፖሊሶችና ዐቃብያነ ሕግ በአንድ ክፍል ተቀምጠው ሠለጠኑ። ሦስት ተጠርጣሪ ለማስመለስ ጸጥታው ምክር ቤት ድረስ መሄድ ለነበረባት አገር ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ሆኖም የጎረቤት አገር ቢሮ ስለ አንድ የመርካቶ ሒሳብ ሲጠይቅ የሚላከው መልስ ከባንክ ሠራተኛው ማስታወሻ አይበልጥም፤ የማስታወሻው ጥራት ደግሞ ነጋዴው መስኮቱ ላይ እውነቱን ለመናገር ባለው ድፍረት ይወሰናል።

ስለዚህ ለፋይናንስ ደህንነት አገልግሎት ሦስት ጥያቄ አለኝ። ከባንኮች ከሚደርሱት ሪፖርቶች ስንቱ በሽብር ገንዘብ ክስ እንደተቋጨና ስንቱ በምንዛሪ ጥፋት እንደተቋጨ ለይቶ በየዓመቱ ለሕዝብ ያውጣ። በብር የተቀመጡ ጣሪያዎቹን ከምንዛሪው ጋር እያስተያየ ይከልስ። ቀጣዩ የውጭ መርማሪ ቡድን ከመምጣቱ በፊት ደግሞ የራሱን ባለሙያዎች ወደ አዲስ ከተማ ልኮ ከነጋዴዎችና ከባንክ ቅርንጫፍ ሠራተኞች ጋር ያወያይ፤ ለማሰርና ለመቅጣት ሳይሆን ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚሄድ ለመስማት። ነጋዴዎችም የሚደበቅ የምንዛሪ ጥፋትና የሚያስፈራ ገንዘብ አንድ እንዳልሆኑ ያውቃሉ፤ ሁለተኛውን ሲያዩ የሚነግሩት፣ የሚያምኑት ሰው ይፈልጋሉ።